የሰፈሬን ባለትዳሮች ያፋታው ፋይል

ወገን፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሬን ባለትዳር በሙሉ አፋትቼ እንደገና አጋብቻለሁ። በአንድ ክሊክ!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም አንድ ቀን እስቅ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሲቀላ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ዕድር አለ። የወንዶቹ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አለው፤ የሴቶቹ ድስትና ሳህን። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ ይቅደም፣ ድስቱ ይቅደም እያሉ ለቀስተኛው ፊት ይጨቃጨቃሉ። በመጨረሻ ተሰለቸና አንድ ዕድር እንሁን ተባለ።

መዝገቡን ማን ያዋህደው?

እናቴ እጇን አወጣች። "ልጄ አለ፤ ኮምፒውተር የተማረው።" አባቴ ከሞተ በኋላ ከላንቴ ሙዝ እያመጣች፣ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። በሰው ፊት አንገቷን ማስደፋት አይታሰብም!

ሁለቱንም መዝገብ ጄሰን ፋይል አደረግኳቸው። ኮድ ለማታውቁ፦ ሳጥን ውስጥ ሳጥን ማለት ነው። ትልቁ ሳጥን የአባሉ ቁጥር፣ ውስጡ ቤተሰቡ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ስምና ልጆች። በወንዶቹ ፋይል የባል ስም አለ፤ በሴቶቹ የሚስት። ኮዴ በአባል ቁጥር እያገናኘ አንዱን ሳጥን ሌላው ላይ ያፈስሳል። የጎደለውን ይሞላል፣ ልጆቹን ይደምራል።

ኤረር የለም! ኮራሁ። ሳላየው ፕሪንት አደረግኩ።

ለካ ሁለቱ ዕድሮች አባል የሚቆጥሩት ለየብቻቸው ነው። የወንዶቹ ቁጥር አንድ ሌላ ቤት፣ የሴቶቹ ቁጥር አንድ ሌላ ቤት። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ዲግሪ አለኝ።

ማንጎው ጥላ ሥር ተሰበሰብን። ጸሐፊው ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ቁጥር አንድ፣ ሰብሳቢው ጋሽ ዳና፤ ባለቤት፣ ወይዘሮ አስካለ።

የወይዘሮ አስካለ ባል ከጎኗ ተቀምጧል።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ጋሽ ተፈራ ግን የተጻፈ ነገር ጀምረው አያቋርጡም። በአጥር ድንበር ተጣልተው ለዓመታት ሰላም የማይባባሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ባልና ሚስት አድርገው አሥራ አንድ ልጅ አደሏቸው። ሴትዮዋ ረጋ ብላ "እንግዲህ አጥሩን ያፍርሰዋ" አለች።

ከዚያ ቁጥር ሠላሳ አንድ መጣ። የአባያ ዓሣ የሚሸጡት ጋሽ ዶላ፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ባለቤት ተብላ የተጻፈችው እናቴ ናት! በልጆቹ ዝርዝር ውስጥ እኔም አለሁ፤ አምስት ወንድም አግኝቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። እናቴ ብቻ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አለቀልኝ አልኩ።

ላፕቶፔን አግዳሚው ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመርኩ። ወንዶቹ ተሰለፉ! ማንም ሚስቱ መመለሷን በዓይኑ ካላየ አይሄድም። አንዱማ ተራው ሲደርስ እሱ እንደማይቸኩል፣ ሌሎቹን ማስቀደም እንደምችል ነገረኝ። ስሙን አልጠራም፤ ሚስቱ እዚህ ፍሬንዴ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። የቀረው የአንቺ ብቻ ነው፣ እንደገባን አስተካክለዋለሁ አልኳት።

"የሌሎቹ ከተስተካከለ ይበቃል" አለች። "የእኔን ምን አስቸኮለህ?"

ጋሽ ዶላም ሰልፉ ላይ አልነበሩም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ኮድ ከመጻፍህ በፊት ዳታህን እወቅ ብለው አስተምረውኛል። እናትህን እወቅ ያለኝ ግን አልነበረም። እስቲ ፍረዱኝ፦ ቁጥር ሠላሳ አንድን ዲሊት ላድርገው ወይስ ሴቭ?