ፍራንክሊ ያለው ሽማግሌ

ወዳጄ፣ «ፍራንክሊ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ቃሉ እንደ ጉንፋን ተዛምቷል። የወንድሜ ልጅ እንዳስረዳኝ «ሳልሸፋፍን ልንገርህ» ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሲሸፋፍንብኝ ነበር ማለት ነው? አልጠየቅሁም። ቃሉን ወደድኩትና በስተርጅና ግልጽ ሰው ለመሆን ቆረጥኩ።

ይኸው ልጅ ይጁቤ ከተማ ያለች አስተማሪ ወደደና ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አውርቶ፣ ዞሮ ዞሮ ነው ልጅ የሚጠይቀው። እኔ ግን ገና ከደጃፉ «ፍራንክሊ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን!» አልኩ።

አባትዮው ትክ ብለው አዩኝ። «እኔም እንደርስዎ ልሁን፤ አልሰጥም!»

ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ደፉ። ወጉን ብጠብቅ ኖሮ «ከዘመድ ልማከር» ይሉኝና በሩ ገርበብ ብሎ ይቀር ነበር። አሁን ለልጁ ምን ልበለው?

ግን እልኸኛ ነኝና በሳምንቱ ሁለቱን ጎትቼ ተመለስኩ። ዝናቡን አነሳሁ፤ ጤፉን አመሰገንኩ፤ የበሬዎቹን ጤና አንድ በአንድ ጠየቅሁ። እግሬ እስኪዝል ድረስ ልጅቱን አላነሳሁም።

አባትዮው ሳቁ። «አሁን ገና ሽማግሌ መጣ! እስቲ ከዘመድ ልማከር።»

የወንድሜ ልጅ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። «ምን አሉ?»

«ከዘመድ ልማከር አሉ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ፍራንክሊ ጋሼ፣ እምቢ ማለታቸው ነው?»

«አንተ ሞኝ፣ ሂድና የሠርግ ልብስህን ተለካ!»