ድምፅ ለማኟ

ጎረቤቷን ሰላም ማለት የምታፍር ልጅ፣ የፓርቲ ቲሸርት ለብሳ ድምፅ ልትለምን ስትወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ፤ በሮቤ ያላንኳኳሁት በር የለም።

ጆሯቸው የደከመውን ሽማግሌ ኦቦ ከድርን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። “አባባ፣ ድምፅዎን እንዲሰጡን ነበር” አልኳቸው። ድምፄ አልወጣ ብሎ ሦስቴ ደገምኩት።

“ልጄ፣ የራስሽን የት ጥለሽ ነው የኔን የምትለምኚው?” ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ “ባለፈውም ሰጥቻለሁ። ቧንቧዬ ግን እስካሁን ጠብ አላለም። ንገሪልኝ” አሉኝ።

የያዝኩት ቅጽ “ይመርጣል” እና “አይመርጥም” ብቻ ነው የሚለው። የቧንቧ ቦታ የለውም። ቢሮ ስመለስ አስተባባሪያችን፣ “ኦቦ ከድር ይመርጡናል?” አለኝ።

“ውሃ ይፈልጋሉ።”

“እሱን መች ጠየቅኩሽ?”

“እሳቸው ግን ጠይቀዋል!” አልኩ። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ለካስ ጮኼ ኖሯል።