አንድ ትሪ ድንች ለሁለት ማዕድ

እስቲ ድንችን አስቡት። በጾም ቀን ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር ተደባልቆ አልጫ ይሆናል። ወር ሲያልቅ ወጥ ውስጥ ገብቶ የሥጋን ቦታ ይሸፍናል። መንገድ ዳር ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ይሸጣል። ተማሪ አሳድጓል፣ ደሞዝ እስኪመጣ ስንቱን ቤት ደግፎ አቆይቷል። ይህን ሁሉ ውለታ ውሎ ግን የተከበረ እንግዳ የመጣ ቀን «አንተ ጓዳ ቆይ» ይባላል። ሰው ጠርቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ድንች ያቀረበ ባለቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ካለም ይሄኔ ሰፈር ቀይሯል።

ለድንች የማዳላው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመድ መሃል እኔም እንደ እሱ ነኝ። መኖሬ ይታወቃል እንጂ መምጣቴ ልብ አይባልም። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የእኔ ሥራ ቲማቲም መክተፍና ሶፍት ማደል ነው፤ እሱን ስጨርስ ጥግ ይዤ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ታናሽ አጎቴ ጋሽ ግርማ ይህችን አጋጣሚ አልፏት አያውቅም። «አንቺ ልጅ፣ ጭራሽ መጽሐፍ አገባሽ? ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ!» ይላል። ቤቱ ይስቃል። እኔም እስቅና ገጹን እገልጣለሁ፤ ያነበብኩት ነገር ግን የለም።

የአባቴ ወገኖች ከጉራጌ አገር መጥተው በንግድ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አያታችን ልጆቹን በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያሳደገው፤ ሲያድጉ ግን ግማሾቹ ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሾቹ መስጊድ ሄዱ። በዚህ የተጣላ ሰው የለም። በየወሩ መጨረሻ እሑድ በተራ በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ሰላምታችን አንድ ነው፣ ሳቃችን አንድ ነው፣ ሐሜታችንማ አይነጣጠልም። ምግብ ሲመጣ ግን ማዕዱ ሁለት ይሆናል፤ የክርስቲያን ሥጋ በአንድ በኩል፣ የሙስሊም ሥጋ በሌላ በኩል። የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ ዘይነባ ከሰሚት ሲመጡ ክትፏቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነው። እናቴም ለእሳቸው ብቻ የሚወጡ፣ አበባ የተሣለባቸው ሳህኖች አሏት፤ ከሌላ ዕቃ ጋር አታጥባቸውም፣ ማንኪያቸውንም ለሌላ ሰው አታውስም። ይህ መራራቅ እንዳይመስላችሁ። መከባበር ነው፤ ያውም የተጣራ።

ነገር ግን ልጅ ሳለሁ ከእቴቴ ልጅ ከሐያት ጋር ስንሯሯጥ እንውልና ልክ ምግብ ሲመጣ እሷ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ እንቀመጣለን። በክፍሉ ማዶና ማዶ እየተያየን እናላምጣለን። ያች ትንሽ ርቀት አድጌም ከአንጀቴ አልወጣችም። «አይብና ጎመኑስ? እሱን አብራችሁ አትበሉም?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ አይብና ጎመን የሁላችንም ናቸው። ግን የክትፎ አጃቢ ናቸው፤ አጃቢ ደግሞ ሙሽራው የሄደበት ይሄዳል።

የምሠራው ኤርፖርት አካባቢ ባለ አንድ የካርጎ ቢሮ ነው። በመጋቢት አንዲት ባልደረባችን ሥራ ስትቀይር መሸኛ ተደረገላትና ከመጡት ምግቦች መሃል አንድ ትሪ ነበር። ድንች በስሱ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ፣ ወተትና ክሬም ወርዶበት፣ ከላይ ቺዝ ለብሶ ኦቭን ውስጥ እስኪቀላ የበሰለ። ለጾም ስል አልቀመስኩትም፤ ሽታው ግን እስከ ጠረጴዛዬ ተከተለኝ። ሹካ ሲገባበት ቺዙ እየተሳበ ይነሣል፣ ሰዎች ይስቃሉ፣ ከአንድ ትሪ ይሻማሉ። ድንገት ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

ሥጋ የለበትም!

ገባችሁ? ሥጋ የለበትም፤ ግን አጃቢ አይደለም። መሃል ላይ የሚቀመጥ፣ ራሱን የቻለ ሙሽራ ነው። እቴቴ ከወዲያ፣ ጋሽ ግርማ ከወዲህ፣ ከአንድ ትሪ! የፋሲካው ጾም እንደተፈታ የመጀመሪያው የወር መጨረሻ እሑድ ተራው የእኛ ቤት፣ ገርጂ ነበር። ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፤ የጾም ሐሳብ የለም። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል ረዳቱ ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

እኔ አንድ ነገር ስጀምር እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ነው የምይዘው። ቪዲዮ አየሁ፣ አነበብኩ፣ የድንች ዓይነት አወዳደርኩ። መገናኛ ሄጄ አዲስ ትሪ ገዛሁ፤ ከዚህ በፊት ምን እንደበሰለበት ማንም እንዳይጠራጠር። ሻጩ «እናት፣ ይቺ ለላዛኛ አንደኛ ናት» አለኝ። «ለድንች ነው» አልኩት። ትሪውን አየ፣ እኔን አየ። «በቃ እግዜር ያውቃል» ብሎ ጠቀለለልኝ። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ጥሬ ሆነ፣ ሁለተኛው ውሃ ሆነ። አባቴ ሁለቱንም በላና «ሾርባው ይሻላል» አለ። እግዜር ይስጠው።

እሑድ ጠዋት መብራት አልጠፋም። ይህን ራሱን እንደ በጎ ምልክት ቆጠርኩት። ድንቹን ላጥኩ፣ እንደ ወረቀት አሳሳሁ፣ ሽንኩርቱን በቅቤ አበሰልኩ፣ ወተቱን ከነጭ ሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር አፈላሁ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቺዝ። እንደገና ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቺዝ። እናቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ጾም እኮ ተፈታ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ፣ እማ።»

«ታዲያ ድንች ምን ሊሠራ መጣ? ሰው 'እነሱ ቤት ሄደን ድንች በላን' ብሎ እስከ መስቀል ያወራል። ደግሞ ይሄን ሁሉ ፎርማጆ!»

«ታዪዋለሽ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ ለእሷም፣ ለአባቴም፣ ለማንም። እንደ እኔ ያለ ዓይናፋር ሰው ሐሳቡን ቀድሞ ከተናገረ ያልቅበታል። ደግሞ ቢከሽፍ ማን ያውቅብኛል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም። ዝም ባለች ልጅ ድንች ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይገባል።

ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሸተትኩ ገላዬን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ትሪው ኦቭን ገብቷል፤ እናቴም መዝሙር እያንጎራጎረች ጠረጴዛ ትወለውላለች። «አስገባሁልሽ» አለች። «ተባረኪ እማዬ» አልኩ፣ ስሜያትም ሄድኩ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያች ሰዓት በፊት ስለ ድንቹ ስትነጫነጭ የቆየች ሴት ድንገት መዝሙር ስትጀምር መጠርጠር ነበረብኝ።

ዘመድ መጣ። ጫማው በር ላይ ተከመረ፣ ሳሎኑ ሞላ። ትሪውን ይዤ ስወጣ ቺዙ ገና ይንጨረጨራል፤ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ በሕይወቴ ስመረቅ እንኳ ይህን ያህል ዓይን አርፎብኝ አያውቅም። ጋሽ ግርማ «ላዛኛ ነው?» አለ። «ድንች ነው» አልኩ። «ይህን ለብሶ?» አለ።

ትሪውን ከሁለቱ ማዕድ መሃል አስቀመጥኩና ጎንበስ ብዬ በእቴቴ ጆሮ ተናገርኩ። «እቴቴ፣ ሥጋ የለበትም። ትሪውም አዲስ ነው። ለሁላችንም ብዬ ነው የሠራሁት።»

እቴቴ ድምፃቸው ከመገናኛ የጨርቅ ሱቃቸው እስከ ታክሲ ተራው የሚሰማ ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ግን መጀመሪያ ትሪውን አዩ፣ ከወዲያ የተቀመጠውን ወንድማቸውን፣ አባቴን፣ አዩ፣ ከዚያ አገጬን ያዝ አደረጉ። «አንቺ ነሽ ይህን ያሰብሽው? ሐያት፣ ነይ ወዲህ! ሁላችሁም ቅረቡ!» አበባ የተሣለበት ሳህናቸው ላይ ከዳር አንሥቼ አቀረብኩላቸው። ቺዙ እንደ ክር እየተሳበ ወጣ። ሹካቸውን አነሡ።

በዚህ መሃል እናቴ የክትፎ ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጣችና ስታልፈኝ ጆሮዬ ሥር ሹክ አለችኝ። ኩራት በኩራት ሆናለች። «አይዞሽ፣ ባዶውን አልተውኩልሽም። ከክትፎው ሥጋ ቀነስ አድርጌ፣ በሽንኩርት ጠብሼ፣ ከሥር ከሥሩ አስገብቼልሻለሁ። ሙያ በልብ ነው!»

እቴቴ ሹካው ከንፈራቸው ደርሷል።

አስተውሉ። እኛ አገር ሰው ምግብ ፊት ሲቀመጥ የሚባለው ይታወቃል። በሞቴ ብሉልኝ፣ አፈር ስሆን ጨምሩ፣ ይቺን ብቻ። እንግዳ ጠግቤአለሁ ብሎ ቢምል እንኳ መሐላውን የሚቀበል የለም። እኔ ደግሞ በዘመድ ፊት «ሶፍት ይፈልጋሉ?» ከማለት ያለፈ ተናግሬ አላውቅም። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከደረቴ ወጣ፦

«እቴቴ! በሞቴ አይብሉ!»

ሹካው አየር ላይ ቀረ፤ ቺዟ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። መጀመሪያ የተናገረው ጋሽ ግርማ ነው። «ይቺ ልጅ ለካ ድምፅ አላት!»

«ሥጋ አለበት» አልኩ። «አላወቅሁም ነበር። እማዬ... አለበት።»

እናቴ ሳህኑን አየች፣ አበባውን አየች፣ ገባት። «ውይ! ውይ ምድር ትዋጠኝ! ዘይኔ፣ ነካሽ? እኔ እኮ ለኛው ማዕድ የሠራች መስሎኝ ነው! የኔ ልጅ ባዶ ድንች አቀረበች እንዳይባል ብዬ... ነካሽ ወይ?»

«አልነካኝም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ እቴቴ፤ ሹካውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እናቴ እንባዋ ደርሷል። ያን ሁሉ ዘመን ማንኪያ ሳታቀላቅል የኖረች ሴት ናት፤ እኔም መሬቱ ቢከፈት ቀድሜያት በገባሁ። እቴቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ነው። «ሰው ቤት ስገባ ስወጣ አረጀሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «'በሞቴ አትብይ' ያለኝ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ሳቁ ቤቱን አነቃነቀው። እናቴ ሳህኑን ወስዳ አበባው እስኪደበዝዝ አጠበችው። ትሪውን የእኛ ማዕድ ወሰደውና በአንድ አፍታ ጨረሰው። «ግሩም ነው!» ተባለ። «በተለይ ሥጋው!» አለ ጋሽ ግርማ። እኔ ማዶ ሐያትን አየኋት። ክትፎዋን እያላመጠች ታየኛለች፤ ልክ እንደ ልጅነታችን።

እቴቴ ሲወጡ በር ላይ እጄን ያዙኝ። «የሚቀጥለው እኔ ቤት ነው። ትሪሽን ጣይና ሌላ አዲስ ይዘሽ ነይ። እናትሽን ለእኔ ተይልኝ።»

ወሩ እንዴት እንደረዘመብኝ! እሑዱ ሲደርስ ሰሚት በማለዳ ገባሁ። እቴቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ዱካ አስቀምጠው ተቀመጡበት። እናቴ ስትመጣ «ውሃ ልጠጣ» አለች፤ «ይመጣልሻል» አሏት። «እጄን ልታጠብ» አለች፤ «መታጠቢያው በዚያ በኩል ነው» አሏት። «ኧረ ዘይኔ፣ ልጄን ልያት!» «ደህና ናት፣ በሕይወት አለች።» እኔ ውስጥ ሆኜ ድንች እየደረደርኩ ብቻዬን እንከተከታለሁ።

ትሪው ወጣ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ቺዝ። ሌላ ምንም። መሃል ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ የሹክሹክታዬ ጉዳይ አብቅቷልና ጮክ ብዬ «ለሁላችንም ነው፣ ብሉልኝ!» አልኩ። ሁለቱ ማዕድ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቀረቡ። አባቴ ከእህቱ ጎን፣ ሐያት ከእኔ ጎን፣ ሹካ ከሹካ እየተጋጨ፣ ቺዙ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሳበ። ማንም ንግግር አላደረገም። ሐያት በክርኗ ጎሸመችኝ፤ እኔም ጎሸምኳት።

ከዚያ ፍርዱን ጠበቅሁ። እናቴ አላመጠች፣ ጣሪያ አየች፣ እንደገና አላመጠች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ብቻ...»

«ብቻ ምን?» አሉ እቴቴ።

«ልናገር?»

«ተናገሪ እንጂ።»

«ሥጋ ይጎድለዋል።»

እቴቴ ሹካቸውን አስቀምጠው ደረታቸውን መቱ። «ወላሂ! እኔም ልጅቷ ቅር እንዳይላት ብዬ ነው እንጂ መጀመሪያ ስቀምሰው ብያለሁ። ሥጋ ነው የጎደለው!»

«አይደል?»

«አዎ እንጂ! ድንች ብቻውን ምን ይሆናል?»

በቤተሰባችን ታሪክ ሁለቱ ማዕድ በምግብ ጉዳይ እንዲህ ባንድ ቃል ተስማምተው አያውቁም። ደግሞም ሁለቱም ይህን የሚሉት ከባዶው ትሪ ጥግ ላይ የተጣበቀችውን የመጨረሻዋን ፎርማጆ በቢላ እየፈቀፈቁ፣ «አንቺ ውሰጂ»፣ «ኧረ አንቺ» እየተባባሉ ነበር።