የዳኮታዋ አጋፋሪ

በር እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ ቤቱም የራሱ ይመስለዋል። የቀበሌ ዘበኛ፣ የክሊኒክ ካርድ ሰጪ፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የአየር መንገዱ ወኪል አቶ ንጉሴ ግን የሚጠብቁት በር ሰማይ የሚያደርስ ስለነበር፣ ኩራታቸውም በዚያው ልክ ነበር።

በደርግ ዘመን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሳስተምር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የሣር ሜዳ ላይ ዳኮታ የምትባል አውሮፕላን በሳምንት አንድ ቀን ታርፍ ነበር። አቶ ንጉሴ ትኬት ይቆርጣሉ፣ የይለፍ ወረቀት ያያሉ፣ መንገደኛውን ከነቅቤው በእህል ሚዛን ይመዝናሉ፣ ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ። ቁጭ ብለው አይቻቸው አላውቅም። ሰማዩን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እንደገና ሰማዩን። ደመና ከጉና ተራራ በኩል ብቅ ካለማ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡናል።

አብዝቶ የሚያበግናቸው ግን ትሕትናችን ነበር። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ታላቁን ቀድሞ በር አይገባም። ዳኮታዋ አንዱን ሞተር ሳታጠፋ እየጠበቀች፣ ሰው ከመሰላሉ ሥር ይግደረደራል።

“እርስዎ ይቅደሙ።”

“ኧረ እንዴት ተደርጎ! አባ እያሉ?”

“እኔስ ብሆን፣ እንግዳ እያለ?”

“በሥላሴ! አላደርገውም!”

አንድ ጊዜ ሁለት የስማዳ አማቾች ሲገባበዙ አውሮፕላኗ ጥላቸው ሄደች። አቶ ንጉሴ በከብት ማባረሪያቸው ዱላ እስከ መንገዱ ሸኟቸው። “ትሕትናችሁን መሬት ላይ ተዉት!” ይሉ ነበር ሁልጊዜ፣ “ክብደት ነው፣ ወደ ሰማይ አይወጣም!”

አንድ የሰኔ ቀን የዓመቱ የመጨረሻ በረራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ስለሚጨቀይ እስከ መስቀል አውሮፕላን የለም። እኔ ለክረምት ትምህርት ልመዘገብ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል፤ ዕድሉን የጠበቅሁት ሦስት ዓመት ነው። እንደምንም ተግደርድረን ገባን። በሩ ሊዘጋ ሲል የጨርቅ ነጋዴው ሷሊህ ሚስቱን ረሺዳን በቃሬዛ አሸክሞ እየሮጠ ደረሰ። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ደሟ አልቆም ብሏል።

“አቶ ንጉሴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሞተችብኝ!”

ቦታ የለም። አቶ ንጉሴ ዘለው ገቡና “አንድ ሰው ይውረድ!” አሉ።

ይህን ባይሉ ይሻል ነበር። ሃያ ምናምን ሰው ብድግ አለ።

“እኔ ልውረድ!”

“እኔ እያለሁ እርስዎ? አይሆንም!”

“አባማ አይወርዱም፣ በማርያም!”

“አንቺ እኅቴ ተቀመጭ፣ መንገድ ላይ ታስታምሚያታለሽ!”

ሰው ለመውረድ ሲሻማ መተላለፊያው ተዘጋ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ነጠላውን ይዞ ያስቀምጠዋል። አብራሪው ዞሮ ጮኸ። ደመናው የሜዳውን ጫፍ ይዟል። ከውጭ የሷሊህ ልቅሶ ይሰማል።

አቶ ንጉሴ በዚያ ሁሉ ቋሚ መካከል ሲያማትሩ ቁጭ ያለ አንድ ሰው አዩ። እኔን። ቀበቶዬን አጥብቄ በመስኮት ሣሩን እያየሁ ነበር። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም፤ ሰምቻለሁ።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን ጊዜ ምንም ቢሉኝ የሚገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ዱላቸውን አንሥተው፣ “ዝም በሉ!” አሉ። “መምህሩ ከሁላችሁም ቀድሞ ልውረድ ብሎኛል። ተራው የሱ ነው!”

ሰው ሁሉ እየመረቀኝ ተቀመጠ። ቄሱ አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀል አሳለሙኝ። ፊቴ እየነደደ ወረድሁና ቃሬዛውን ከሷሊህ ጋር አንሥቼ ረሺዳን አስገባናት። ዳኮታዋ ደመናው ሳይዘጋባት ተነሣች።

ምዝገባው አመለጠኝ። ረሺዳ ድና ተመለሰች፤ ልጇን አዝላ ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቀኝ ጀመር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ አቶ ንጉሴን “እውነቱን ልንገራት” አልኋቸው።

“ተው፣” አሉኝ ሰዓታቸውን እያዩ። “ምርቃቱን ተቀበል። የሚያስመርቀውን ሥራ ኋላ ትደርስበታለህ።”

ይኸው እስከ ዛሬ አልደረስሁበትም። እሳቸውን ግን ከዚያች ቀን ወዲህ እንደ አባት እወዳቸዋለሁ።