በበዓለ ሃምሳ የጦመረው ሰው

ሐሳብ ተራራ ላይ ይገኛል የሚሉ ሰዎች ተራራ ወጥተው አያውቁም! እኛ ዋጎች ተራራ ቸግሮን አያውቅም፤ ስንወጣ ስንወርድ ነው ያደግነው። እዚያ ላይ የሚገኘው ትንፋሽ ማጣት ነው። እኔ ራሴ አንድ ቀን ለሐሳብ ብዬ ከሰቆጣ በላይ ካሉት ጋራዎች አንዱን ወጥቼ፣ ይዤ የተመለስኩት የጉልበት ቁርጥማት ብቻ ነው።

ለሐሳብ ሲባል ተራራ ይወጣል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የሆነው ባጃጅ ለሰቆጣ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ሥራዬ የዞን መሥሪያ ቤት ባለሙያነት ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ግን ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ አለቃዬ ካልፈለገኝ ከሰዓቱንም እዚያው እየዋልኩ፣ ብሎግ እጽፍ ነበር። ያዘዘኝ የለም፣ የሚከፍለኝም የለም… ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። አንባቢዎቼ ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ ሁለቱ እኔ ነኝ፤ አንዴ ከቢሮ፣ አንዴ ከኢንተርኔት ቤት እየከፈትኩ ራሴን ሁለት ጊዜ አስቆጥራለሁ። ሦስቱ መኖራቸውንም እጠራጠራለሁ። ስድስተኛዋ ግን «የሰቆጣ ልጅ» በሚል ስም አስተያየት ትጽፍልኛለች። ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የአሠሪዋ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ኮምፒውተራቸውን ከፍታ ታነበኛለች። እውነቱን ልንገራችሁና፣ የምጽፈው ለእሷ ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን ሐሳብ ነጠፈብኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ «የፈጠራ ችሎታን ማዳበሪያ መንገዶች» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አግኝቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሦስት ሳምንት ለጠፍኩ። በማለዳ ተነሥ፣ ከፍታ ቦታ ላይ ውጣ፣ ማስታወሻ ደብተር ከእጅህ አይለይ… በሦስተኛው ሳምንት የቤሩቷ ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የምገባው የሰቆጣን ወሬ ልስማ ብዬ ነው። ምክር ከሆነ ማዳሜም ትመክረኛለች። ከእንግዲህም እንዲህ ከሆነ ደህና ሁን።»

ደነገጥኩ። እሷ ከሄደች እኮ የምንቀረው እኔና እኔ ነን።

የተረጎምኩትን ምክር ራሴ ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ። ተራራውን ነግሬያችኋለሁ። ቀጥዬ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ገበያ ወጣሁ። መቼስ ዋግ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ሕዝብ መሀል የሚቆም ሰው ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ እርዳታ መመዝገብ! ከሰሃላ ወረዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀረብ አሉኝ።

«የቤተሰብ ብዛት ስምንት በልልኝ።»

«አባቴ፣ እኔ መዝጋቢ አይደለሁም። ሐሳብ ፍለጋ ነው የወጣሁት።»

«ሐሳብማ እኛ ቤት ሞልቷል። አንተ ብቻ ስምንት ብለህ ጻፍ፣ እነግርሃለሁ።»

ቀና ስል ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቷል። ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ አመለጥኩ። ይህ ራሱ አንድ ጥሩ ጽሑፍ እንደሚወጣው አልታየኝም፤ ከፈረንጁ ምክር ውስጥ እንዲህ የሚል አልነበረማ።

የምኖረው ከአክስቴ ከእትዬ አዛነች ጋር ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከቢሮ በዚያው ወደ ኢንተርኔት ቤት ስለምሄድ እትዬ ስለ ብሎጉ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ፋሲካ ካለፈ ወር ገደማ ሲሆነው ግን አንድ ረቡዕ ደብተሬን ረስቼ ቤት ጎራ አልኩ። እትዬ ምሳ ሊያቀርቡ ሲሉ ደብተሬን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ምሳ ሳትበላ ወዴት ነው?»

«ጦማር አለብኝ እትዬ።»

እዚህ ላይ ላቁማችሁ። ያን ሰሞን የከተማ ጸሐፊዎች ብሎግን «ጦማር»፣ ባለቤቱን «ጦማሪ» ማለት ጀምረው ነበርና፣ እኔም እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። እትዬ ደግሞ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ ጾምን ጦም ነው የሚሉት።

«ዛሬ? በሃምሳው?»

«ረቡዕ ረቡዕ አይቀርም እትዬ። ጦማሪ ነኝ እኮ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ። ካስቸገረ እስከ አሥራ አንድም እቆያለሁ።»

«ማን አዘዘህ ልጄ?»

«ማንም። በፍላጎቴ ነው።»

«ሌላስ እንዳንተ ያለ ሰው አለ?»

«ሰቆጣ ውስጥ እንኳ ብቻዬን ሳልሆን አልቀርም። አዲስ አበባ ግን ጦማሪው ብዙ ነው።»

«አዲስ አበባ?» ብለው አማተቡ። እኔ በሥልጣኔዬ የተደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ኢንተርኔት ቤት ገብቼም ባዶው ገጽ ላይ እስከ ዘጠኝ አፍጥጬ አንድ መስመር ሳይወጣኝ ተመለስኩ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም እንደሚበላ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ግን «የተማረ ልጅ ነው፤ የከበደ ስእለት ቢኖርበት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በረቡዕ ብቻ አያበቃም» ብለው ደመደሙ። ከዚያም ለጎረቤት አዋዩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ አልሰማሁም።

እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ነበር። ከእኛው ከዋጉ ዝቋላ የመጡ ፍየሎች ታርደው ዳሱን ሽታው አውዶታል። ቅቅሉ ሲዞር ሰሐኔን አስተካክዬ ጠበቅሁ። አሳላፊው ደረሰ፣ አየኝ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ አለፈኝ። ጥብሱም መጣ… እሱም አለፈኝ። ጥፋቴን ሳስብ እትዬ በሰው መሀል ተሹለክልከው አንዲት ትንሽ ድስት ፊቴ አስቀመጡ። ክዳኑን ብገልጠው ምስር ነው። በፍስክ ሰርግ መሀል ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ የምስር ወጥ!

«ድስቱ ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ አትስጋ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ገና ክዳኑን እንደያዝኩ የንስሐ አባታችን አባ ወልዴ ከወዲያ ማዶ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ ጦምም ስግደትም እንደሌለ አልነገሩህም?»

«ነግረውኛል አባ። እኔ መቼ ጦምኩ?»

«ጦማሪ ነኝ ብለሃል አሉ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ዳሱ ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጠው እኔን ነው። «አባ፣ ጦማር እኮ ጽሑፍ ነው…» ብዬ ጀመርኩ። አባ የግዕዝ ሰው ናቸው፤ ሳቃቸው መጣ።

«ጦማርማ ደብዳቤ ነው። ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ቤሩት ላለች፣ ለማላውቃት ልጅ።»

«ምን ብለህ?»

«እሱ ነው የጠፋኝ።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለማታውቃት ሰው፣ የምትላት ሳይኖርህ፣ ምሳህን ትተህ… ይሄስ ከጦምም ይብሳል። ስጡት ፍየሉን።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ፍየሉን በላሁ። ምስሩንም በላሁ፤ እትዬ አሻግረው እያዩኝ ነበር።

ረቡዕ ሲደርስ ተራራም ደብተርም አላስፈለገኝም። ሽማግሌውን፣ አባን፣ ያቺን ትንሽ ድስት ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጽፌ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩ። በማግሥቱ የቤሩቷ ልጅ መልስ መጣ፦ «ብቻዬን ስስቅ ማዳሜ ደንግጣ መጣች። ሰርጉ ላይ የነበርኩ መሰለኝ። የእትዬ አዛነችን ወሬ ካላቋረጥክብኝ የትም አልሄድም።» ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከሥራ እንደወጣሁ ቤት ሄጄ ለእትዬ ከነመልሷ አነበብኩላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ይሄን ሁሉ ቤሩት ድረስ ነገርከው?»

«አዎ እትዬ።»

«ጦም እኮ ሥጋ መተው ብቻ አይደለም፤ ሰው አለማማትም ነው። አንተ ፍየልህን በልተህ፣ አክስትህን አምተህ… ይሄ ጦማር ሳይሆን ፍስክ ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ልጅቱ ሳቀች ነው ያልከኝ?»

«ብቻዋን ሳቀች።»

«አይ ልጄን… በሰው አገር» አሉ። ከዚያ ተነሡ፤ ውጭውን ቃኝተው በሩን ዘጉት።

«ጰራቅሊጦስ ስንት ቀን ቀረው?»

«አሥር ቀን።»

«እንግዲያው ደብተርህን ቶሎ አምጣ። ጦም ሳይገባ የሙሽራዋን አክስት ጉድ ልንገርህ።»