የእቴጌ ሮዊና ዱባ ሽቅብ የሄደበት ቀን

እቴጌ ሮዊና በነገሡ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ ማለትም አሥራ ስምንት ሞልቷቸው የእናታቸውን መኪና ብቻቸውን መንዳት በተፈቀደላቸው ዘመን፣ ዱጋል የተባለው ጎረምሳ በቴክስት ከተዋቸው በሁለተኛው ወር፣ በወርኃ መስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሆኑበትና ጨረቃ ሙሉ በነበረችበት ዕለት፣ በኖቫ ስኮሺያ ምድር የሆነውን ሁሉ እኔ ጸሐፊ ትእዛዛቸው ሞይራ እጽፋለሁ። ዓይኔ ያየውን እንጂ ከሰው የሰማሁትን አልጽፍም። እሺ፣ ትንሽ ትንሽ ከጓደኛችን ከዴልፊን ሰምቻለሁ።

በዚያም ዘመን እቴጌ፣ ቀይ ጠጉራቸው ከሩቅ የሚታይ፣ የሠፈሩ ውሾች ሁሉ ወዳጅ፣ በኀዘን ላይ ነበሩ። ነገር ግን ዱጋል እንዳያውቅባቸው፣ በመንገድ ባገኙት ቁጥር ጥርሳቸውን በሙሉ አሳይተው «በጣም ደህና ነኝ! አንተስ?» እያሉ ያልፉት ነበር፤ አልፈውትም ጥግ ዞረው፣ ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። ይህን የምናውቀው እኛ ሦስት ጓደኞቻቸው ብቻ ስንሆን፣ ለእኛም በአዋጅ ተነግሮናል፦ «እንዳለቀስኩ ካወቀ በቃ፣ አልቆይም! ሃሊፋክስ አክስቴ ጋ ነው የምሄደው! ሞይራ አትሳቂ፣ ከምሬ ነው!»

ከእኛም መካከል ፈርን ተነሣች፤ እርሷም ከሳስካችዋን የስንዴ ሜዳ በቅርቡ የመጣች፣ ባሕር ሳታይ ያደገች፣ ግን የጥንቆላ መጽሐፍ ስላላት መሪያችን የሆነች ናት፤ ተነሥታም እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ስሚ ሮዊ! በዚህ ወቅት ዛፉ ራሱ ቅጠሉን ይለቅ የለ? አንቺም ትለቂዋለሽ! የሚያስለቅስሽን ነገር ሁሉ ዱባ ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ ለሚፈስ ውሃ ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳታዪ መሄድ ነው። ወደ ኋላ ካየሽ ግን ተመልሶ ይመጣል። መጽሐፉ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም!»

እቴጌም ሰምተው፣ አስበው፣ አፍንጫቸውን ተናፍጠው እሺ አሉ።

በዕለቱም ከእቴጌ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ ፈርን፣ ባለ መጽሐፍና ባለ ሻማ፤ ዴልፊን፣ የጨው አለቃ፣ እርሷም የገበታ ጨው እናቷ ስለከለከለቻት ክረምት በረዶ ላይ የሚበተነውን የመንገድ ጨው በባልዲ የያዘች፤ ሃዶክ የተባለው ውሻ፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ፤ እኔም ዱባ ተሸካሚዋ፣ ወገቤ ዛሬም ድረስ የሚያመኝ።

ከከተማው በታች፣ ወንዙ የሚጠመዘዝበት ቦታ በደረስን ጊዜ ዴልፊን በጨው ክብ ሠራች፤ ሃዶክ ክቡን ላሰው፤ ዴልፊን እየተሳደበች እንደገና ሠራች። እቴጌም በተቦረቦረው ዱባ ውስጥ የዱጋልን አንድ ካልሲ፣ አብረው ያዩትን የሆኪ ጨዋታ ትኬትና ከላይ ጥቂት እንባ ጨምረው፣ ክዳኑን ገጠሙ፤ በላዩም የቤታቸው አጥር በተቀባበት ነጭ ቀለም፣ ዳር ዳሩን በታላላቅ ፊደል «ዱጋልን ለቅቄዋለሁ። ሮዊና» ብለው ጻፉ። ዴልፊን ስም መጻፍ ለምን አስፈለገ ብትል ፈርን «ታዲያ ወንዙ የማን እንደሆነ በምን ይወቅ?» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ከዚህም በኋላ እቴጌ ዱባውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ውሃው ላይ አኑረው፣ በእግራቸው ገፉት። ዱባውም ወደ ባሕሩ ወረደ። እኛም ዞርን፤ ወደ ኋላ ሳናይ፣ በወንዙ ዳር ባለው የአፈር ግድብ ላይ ተሰልፈን፣ አንገታችንን እንደ እንጨት አድርቀን ወደ ከተማ ጉዞ ጀመርን፤ እቴጌም «ከምር ቀለል አለኝ» አሉ።

አሁን ስለ ወንዛችን ልንገራችሁ። ወንዛችን በቀን ሁለቴ ሐሳቡን ይቀይራል። ባሕሩ ሲሞላ ማዕበል ሆኖ ይገባና ወንዙን ሽቅብ ይነዳዋል፤ በመስከረም ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ይብስበታል። ይህን በአገራችን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ የሚሞላበት ሰዓት በየቤቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ግን መሪዋ ፈርን ስለሆነች፣ ሰዓቱን አይታለች ብለን ዝም አልን። ለፈርን ደግሞ ወንዝ ማለት የሚሄድ ነገር ነው፤ የሚመጣ ወንዝ እንዳለ ማን ነግሯት!

ስለዚህ ብዙ ሳንርቅ ከኋላችን ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ሰማን፤ ድምፁም ጩኸት ሆነ፤ ማዕበሉም ቡናማ አረፋውን እየደፈቀ በአጠገባችን አለፈ፤ ከፊቱም እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ዱባው አለፈን።

ዴልፊን «ሮዊ! ዱባሽ! ዱባሽ ቀደመን!» ብላ ጮኸች።

ፈርን «ወደ ኋላ አትዪ!» አለች።

ዴልፊን «ኧረ ፊት ነው ያለው፣ አንቺ ደነዝ!» አለች።

የእቴጌም ፊት አመድ መሰለ። ምክንያቱም ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሕዝብ ማዕበሉን ለማየት ይሰበሰባል፤ ለሕዝቡም በድምፅ ማጉያ ማዕበሉን የሚያስተዋውቀው፣ በዚያ ዓመት ለዚህ ሥራ የተቀጠረው፣ ዱጋል ነው።

እቴጌ ሮጡ። ሮጠው፣ ከግድቡ ወርደው፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ አንዱን ቦት ጫማቸውን ለጭቃው ገብረው ወጥተው፣ እንደገና ሮጠው፣ የበቆሎ አገዳ ነቅለው ዱባውን ሊስቡ ዘርግተው፣ ገፍተውት ጭራሽ አፍጥነውት፣ በሆዳቸው ወድቀው፣ ተነሥተው፣ በአንድ ካልሲ ደግመው ሮጡ። እኛም ከኋላ ነበርን፤ ሃዶክ ብቻ ከፊት። ዱባው ግን ቀደመ።

ከሜዳውም የዱጋል ድምፅ ተሰማ፦ «ክቡራትና ክቡራን፣ ማዕበሉ እየደረሰ ነው! ልጆቻችሁን ያዙ! ከፊት ለፊቱ የሚታየው... ዳክዬ? አይ፣ ዱባ ነው። ጽሑፍ አለው...» ብሎ ዝም አለ።

ከፈርን በቀር የሁላችንም አስተማሪ የነበሩት ሚስስ ቤሪል ከታጣፊ ወንበራቸው ላይ ሆነው «ምነው ዝም አልክ? መነጽሬን አልያዝኩም፤ ጮክ ብለህ አንብብልን እንጂ ልጄ!» አሉት።

ሚስስ ቤሪልን እምቢ ያለ ሰው በከተማችን የለም። ዱጋልም በድምፅ ማጉያው «ዱጋልን... ለቅቄዋለሁ... ሮዊና» አለ።

«ዱጋል አንተው አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ፣ ሚስስ ቤሪል።»

«በል እንኳን ደስ አለህ፣ ተለቅቀሃል!»

ሕዝቡም ዞሮ አየ፤ እቴጌ ሮዊናም በጭቃ ተለብጠው፣ አገዳቸውን እንደ ጦር ይዘው፣ ግድቡ ላይ ቆመው ነበር። ፈርን ቀስ ብላ «እንሩጥ» አለች። እኔ የሃሊፋክሱን አውቶቡስ ሰዓት በልቤ እያሰብኩ ነበር። እቴጌ ግን አልሸሹም። ቆመው፣ ትንፋሽ ሰብስበው፣ ድምፅ ማጉያ ሳያሻቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አዎ የኔ ነው! ሁለት ወር ሙሉ አልቅሼብሃለሁ ዱጋል! ደህና ነኝ ስልህ ዋሽቼህ ነው! አሁን ግን ለቅቄሃለሁ። ወንዙን ሳላማክረው ቀርቼ ነው!»

መጀመሪያ የሳቁት ሚስስ ቤሪል ናቸው፤ ቀጥሎ ሕዝቡ፤ ቀጥሎ ራሳቸው እቴጌ፤ እስኪቀመጡ፣ ሆዳቸውን እስኪይዙ፣ ጭቃውና እንባው ፊታቸው ላይ እስኪቀላቀል ሳቁ። ዱጋልም ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቶ «ሮዊ፣ መንጠቆ አለኝ፣ ዱባውን ልያዝልሽ?» አለ።

እቴጌም እጃቸውን አወናጭፈው «ተወው፣ ይሂድ!» አሉ። ዱባውም በድልድዩ ሥር አልፎ ሄደ፤ ወደ ማን ማሳ እንደገባ አላወቅንም፤ እቴጌም አልጠየቁም።

ሰኞ ዕለት እቴጌ በሚሠሩበት ዶናት ቤት ሰልፉ እስከ በር ደርሶ ሳለ አንድ ጎረምሳ ቡና አዘዘ። እቴጌ ከብርጭቆው ቀና ሳይሉ «ስም?» አሉት፤ ነገራቸው፤ ጻፉት፤ ቡናውም ሲደርስ ለቤቱ ሁሉ «ዱጋል! የዱጋል ቡና!» ብለው ጠርተው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ። ከሥራ ሲወጡ ጠብቄ፣ እንዴት ቻልሽው ብላቸው፣ ቆም ብለው አሰቡና «እንዴ! እሱ ነበር እንዴ?» አሉ።

እነሆ፣ በሆዳቸው ወድቀው በእግራቸው የቆሙት፣ በሕዝብ ፊት እውነቱን የተናገሩት፣ ማዕበል ያልመለሳቸው እቴጌ ሮዊና፣ ስማቸው ከዳር እስከ ዳር ይሰማ፤ ዕድሜያቸው ይርዘም፤ ወንዙም በፈለገው በኩል ይፍሰስላቸው።