ባለ ስድስት ክሩ

ለዓይን አፋር ሰው ከቤዝ ጊታር የተሻለ መሣሪያ የለም። ሲጫወቱት ማንም ልብ አይለውም፤ ሲያቆሙት ብቻ «ምን ጎደለ?» ይባላል። ከየት አወቅሽ አትሉኝም? ይኸው ልናገር፤ ፊቴን ግን አትዩኝ። እኔ የባዮሎጂ መምህርቷ፣ ሮቤ ከተማ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ቤዝ እጫወታለሁ። ዓመታት ሆነኝ። ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ጥንቃቄዬ ለጉድ ነበር። የስፒከሩን ድምፅ በጣም ዝቅ አደርጋለሁ። ግን ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲመልሰው፣ ወፍራሙ ጭቃውን አልፎ ይሄዳል። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ? የኛ ግድግዳ ጆሮ ደግሞ አከራዬ አዴ ፋጡማ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ በራፌ ላይ ቆሙ። በኦሮምኛ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ሥራዬን ጠየቁ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞሩ፤ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ልጄ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እዚህ የሚያንኮራፋው ሰውዬ ማነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው አይደለም፣ ቤዝ ነው አልኩና ከአልጋ ስር ጎትቼ አሳየኋቸው። ስንት ዓመት የደበቅኩትን ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ጎረቤቴን መምህር ደረጀን ጠሩት። ደረጀ ጊታር ይነካካል፤ ሰፈሩም ያውቅለታል። ክሮቹን ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። ቤዝ አራት ክር ነው፣ ይሄ ስድስት፣ ስለዚህ ጊታር ነው አለ። ወፈር ማለቱን አይቶም ቢበዛ ባሪቶን ጊታር ቢሆን ነው ብሎ አሻሻለ። ጊታር ደግሞ አያንኮራፋም።

ስሜ ሊጠፋ ነው። ምን ይደረጋል? ዓይን አፋርነቴን ዋጥ አድርጌ ማስረዳት ጀመርኩ። ጊታርን ልጅ በሉት አልኩ። ባሪቶን ያው ልጅ ነው፣ ድምፁ ሲጎረንን፤ አንገቱ ረዝሟል፣ ክሩ ወፍሯል፣ አባወራ ግን ገና አልሆነም። ባለ አራት ክሩ ቤዝ አባትየው ነው። ባለ ስድስቱም አባት ነው፤ በአንድ ወገን ቀጭን፣ በሌላው ወፍራም ክር ስለተጨመረለት ሲያሻው ከልጆቹ ጋር ያንጎራጉራል፣ ሲያሻው እንደ አያት ያጉረመርማል። ክር በመቁጠር ዝምድና አይታወቅም።

ደረጀ ፈገግ አለ። እኔ ስፒከሩን ሰክቼ ወፍራሙን ክር መታሁት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። በሰው ፊት ስጫወት የመጀመሪያዬ ነው።

«ወላሂ እሱው ነው» አሉ አዴ ፋጡማ። ተገላገልኩ ብዬ ስተነፍስ የሳቸው ፊት ጠቆረ።

«እና ሰው የለም?»

«የለም፣ አዴ።»

«ውይ ልጄ። እኔ እኮ አላህ ባል እንዲሰጥሽ ዱዓ ሳደርግልሽ ነበር። ለአባትሽም ጠዋት ደውዬ አማች መጣልዎት ብያቸዋለሁ።»

አባቴ የሚኖሩባት ጎባ እዚሁ አፍንጫችን ስር ናት። ይህን ስንባባል አባቴ ደረሱ። ለወጉ ተቆጥተው፣ በልባቸው ደስ ብሏቸው ገቡና ክፍሉን በዓይናቸው ፈተሹ። አዴ ፋጡማ በአገጫቸው ወደ ቤዙ ጠቆሙና ሁሉንም ነገሯቸው። አባቴ አንዱን ክር በጣታቸው ነካ አደረጉና ወደኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ሥራ አለው?»